ለሽያጭ በቀረበ ቤት ውስጥ 19 ወር

(ደሴ ውስጥ በአንድ የሰፈር ቅሬ (ዕድር) ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ተናጋሪዋ ራሳቸው አስተካክለው የጻፉት)

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ዋላችሁ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የቅሬው ዳኛ ደውለው «መምህርት፣ ቤት የሸጣችሁበትን ነገር ለጀማው ቢያወሩልን» ሲሉኝ ሳቄ ነው የመጣው። «ቤት መሸጥ ደግሞ ምን ወሬ አለው? ደላላ ይጠራል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ይፈረማል» አልኳቸው። «እሱማ ገበያ ሲኖር ነው» አሉኝ። መልስ አጣሁ። በዚህ ሰፈር ብቻ ሦስት ቤት ለሽያጭ እንደቀረበ ነግረውኛል። ባለቤቶቹ እዚሁ መካከላችን አሉ። ስም አልጠራም፤ ፊታቸውን አይቼ ግን ለይቻቸዋለሁ። እኔም ያንን ፊት 19 ወር ሙሉ በመስታወት ሳየው ከርሜአለሁ።

ለማታውቁኝ ልጆች፦ 31 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ቤታችን ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ትንሽ ከፍ ብሎ 240 ካሬ ላይ ያረፈ፣ ባለ አራት ክፍል ዋና ቤትና ከጀርባው ሦስት ሰርቪስ ያለው ነበር። ሐሳባችን ቀላል ነበር። የደሴ ብርድ ጉልበቴን ያዘው፤ ሴት ልጄ ኮምቦልቻ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ሞቅ ካለው አገር፣ ከልጅ ልጆቻችን አጠገብ ትንሽ ቤት እንገዛለን፤ የተረፈው ብር ለመድኃኒትና ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ለደላላ የነገርነው ኅዳር 2016 ነው። የፈረምነው ሰኔ 2017።

ቤቱ ከእጃችን የወጣው መቼ ነው ብትሉኝ፣ የፈረምን ቀን አልላችሁም። ለደላላ የነገርን ዕለት ነው የወጣው። በማግስቱ ባለቤቴ የሚያፈስ ቆርቆሮ ሊያስደፍን መሰላል ካወጣ በኋላ «ለማን ብዬ?» ብሎ መልሶ አስገባው። እኔም የጓሮ ጎመን መትከል ተውኩ። ለአንድ ሁለት ወር ቢሆን ግድ አልነበረውም። ክረምቱ ሲገባ ግን ያ ያልተደፈነ ቆርቆሮ ሳሎናችንን አጠበው። ባልዲ ከሥሩ እናስቀምጣለን፤ ገዢ መጣ ሲባል ባልዲውን እንደብቃለን። አንዴ ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ እያለ ጠብ አለበት። «ጤዛ ነው» አለ ባለቤቴ። ጤዛ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት!

ደላላው «ገዢ ባዶ ግቢ ይወዳል» ስላለን ሦስቱንም ተከራይ አሰናበትን። ከሦስቱ ሰርቪስ በወር 7,500 ብር እናገኝ ነበር። በ19 ስታባዙት 142,500 ብር ይመጣል። ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ይህን ያባዛሁት ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ነው። ተማሪዬ እንዲህ ቢያደርግ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣበት ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከፋብኝ ግን የእናንተ ነገር ነው፤ እውነቱን ልናገር። የለቅሶ ድንኳን ተራ ሲደርሰን ዘለላችሁን። «እናንተማ ተነሺ ናችሁ፣ ምን አስቸገራችሁ» ተባልን። ለደግ ብላችሁ ነው። እኔ ግን ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚህ ወጥተናል፣ እዚያ አልደረስንም። ግፊቴ የጨመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ቂም አልያዝኩም። ትንሽ ይዤ ነበር፣ አሁን ለቅቄዋለሁ።

ገበያው ለምን እንደቀዘቀዘ እናንተው ታውቁታላችሁ። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ የቤታችንን ካርታ በነጠላ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አስሬ ነው የወጣሁት። ያን የኖረ ሰው ብሩን ግድግዳና ቆርቆሮ ላይ ከማፍሰሱ በፊት ሁለቴ ያስባል። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ፣ ነገ ተዘጋ እየተባለ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቤት ሊያይ የሚመጣ ሰው አነሰ። በዚያው ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። የኑሮ ውድነትን ለመያዝ የታሰበ ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። እኛ ሰፈር ሲደርስ ግን ትርጉሙ ሌላ ሆነ፦ ደመወዙን አስይዞ ቤት የሚገዛው ነርስና አስተማሪ ከገዢነት ወጣ። የቀረው ጥሬ ብር ያለው ነው። ጥሬ ብር ያላቸው ደግሞ አብዛኞቹ ጅዳና ሪያድ ያሉ ልጆቻችን ናቸው። እነሱም ለዒድ ወይም ለሠርግ ይመጣሉ፣ በአንድ ሳምንት ስድስት ቤት ያያሉ፣ «እናስብበት» ብለው ይሳፈራሉ። ከመካከላቸው ወለድ የማይፈልገው በሙራባሃ ልግዛ ይላል። ባንኩ ቤቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በክፍያ ይሸጥለታል ማለት ነው። ደግ ነገር ነው፤ ወረቀቱ ግን ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ገዢያችን ጥር 2016 ላይ መጣ። ከጅዳ የተመለሰ ጎልማሳ፣ ወሬ የማያበዛ። ግቢውን ዞሮ አየ፣ የውሃውን ቧንቧ ከፈተ፣ ቡናውን ጠጣ፣ «5 ሚሊዮን 200 ሺህ አለኝ፣ በሳምንት ውስጥ እጨርሳለሁ» አለ። እኛ የጠራነው 6 ሚሊዮን ተኩል ነበር። ተያየን። ባለቤቴ «ይሄ ልጅ ይቀልዳል» አለ። ልጁ አልቀለደም። ተነሣ፣ መርቆ ሄደ፤ በወሩ ሮቢት በኩል ሌላ ቤት ገዛ።

6 ሚሊዮን ተኩል ከየት መጣ? ከጎረቤት ወሬ። ከእኛ በታች ያለው ቤት በዚያ ዋጋ ተሸጠ ተብሎ ነበር። ካንድ ዓመት በኋላ ያን ቤት የገዛውን ሰው ለቅሶ ላይ አግኝቼ ጠየቅሁት። የከፈለው 4 ሚሊዮን 900 ሺህ ነው። 6 ሚሊዮን ተኩል ሻጩ መጀመሪያ የጠራው ነበር። እባካችሁ ይህችን ያዙልኝ፤ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው ቁጥር ሁልጊዜ የተጠራው ነው። የተከፈለውን ሻጩ አፍሮ፣ ገዢው ደግሞ ዘመድ እንዳይበደረው ፈርቶ ይደብቁታል። ውሉ ላይ የሚጻፈው ሦስተኛ ቁጥር ነው፤ እሱን እንኳ አላነሣውም፣ የገቢዎች ሰው ካለ እንዳያዝንብኝ።

እሺ፣ አሁን ሰሌዳው ጋ ልቅረብ። ያን ጥር፣ ኮምቦልቻ ያየናት ቤት 3 ሚሊዮን 400 ሺህ ነበረች። በ5 ሚሊዮን 200 ሺህ ሸጠን እሷን ብንገዛ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ በእጃችን ይቀር ነበር። በመጨረሻ የሸጥነው በ5 ሚሊዮን 600 ሺህ ነው። «ይኸው፣ መታገሣችን 400 ሺህ ብር አስገኘን» አለ ባለቤቴ። በዚያ ጊዜ ግን የኮምቦልቻዋ እኩያ 4 ሚሊዮን ተኩል ገብታለች። የቀረን 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ነው። 400 ሺህ አተረፍን ስንል 700 ሺህ ጎደለብን፤ የተከራዮቹ ኪራይ ሳይቆጠር። ብሩ ቆሞ አይጠብቅም። እኛ የምንሸጠውን ቤት ብቻ ስናይ የምንገዛው ቤት ጥሎን ሄደ።

መሐል ላይ የባሰ ስሕተት ሠርተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር አንድ ወር ገደማ ሳይሞላው ከ100 አለፈ። ያን ሰሞን ሻጭ ሁሉ ዋጋ ከፍ አደረገ። እኛም 8 ሚሊዮን አልን። የተናገርነው ዋጋ ወጣ እንጂ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ሰኞ ገበያ ከተበተነ በኋላ በግ እንደማስወደድ ነው። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ሰው በራችንን አላንኳኳም። ሲያንኳኩ ያማረርኩትን ያህል ሳያንኳኩ ደግሞ አለቀስኩ።

ስለማንኳኳት ካነሣሁ የቡናውን ነገር ልንገራችሁ። የወሎ ሰው ነን፤ ቤታችን የገባን ሰው ደረቁን አንሸኝም። ደላላው ይህን ሲያውቅ በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው ይዞ ይመጣል፣ ከሰዓት በኋላ፣ አቦሉ ሊደርስ ሲል። ቤት ሊያይ የመጣው ሰው ቶናውን ጨርሶ በረካውን ይጠብቃል። አንደኛውን ሦስት ጊዜ አጠጥቼዋለሁ። ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣ ባለቤቴ «ወንድምዓለም፣ ቤቱን ነው ጀበናዋን የምትገዛው?» ብሎ አሳቀን። መኝታ ቤታችሁን የማታውቁት ሰው ሲከፍተው፣ ቁም ሣጥኑን ገፋ አድርጎ ግድግዳውን ሲያንኳኳ፣ «ይሄማ ይፈርሳል» ሲል መስማት ግን አያስቅም። ልጆቼን የወለድኩበት ክፍል ነው። ይፈርሳል አለ፣ እያየሁት።

ግድግዳ የሚያንኳኩትን ግን አልፈርድባቸውም። ከተማችን ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ናት፣ መሬቷ ይንሸራተታል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚሰነጠቅ ቤት አለ። የደሴ ገዢ መጀመሪያ ስንጥቅ ነው የሚፈልገው። እኛም ጋ ከመስኮቱ በላይ አንድ ስንጥቅ ነበረች። ባለቤቴ የዘመን መለወጫ ካላንደር ሰቀለባት። ካላንደሩን ያላነሣ ገዢ አልመጣም። በኋላ አንስተን «ይቺ የ1990ዎቹ ናት፣ አልሰፋችም» ብለን ማሳየት ስንጀምር ሰዎቹ ጥያቄያቸውን ቀነሱ።

ደላሎችን በጅምላ አልሰድብም፤ የመጨረሻውን ገዢ ያመጣልን ደላላ ነው። ግን ለአምስት ደላላ መስጠት አያስፈልግም። አምስቱም የየራሳቸውን ከላይ ይጨምራሉ፤ ያው ቤት በአምስት ዋጋ ከተማውን ሲዞር የሰማ ሰው «ይሄ ቤት የሆነ ነገር አለበት» ይላል። የእኛን ቤት ጂን አለበት እስከማለት ደርሰዋል። አንዱ ደግሞ ዋጋችንን ለመስበር በጣም ዝቅ የሚያደርጉ ሰዎችን በተከታታይ ሲልክብን ከረመ። ገዢ አልነበሩም። ሁለቱን በኋላ የጫት ቤት በር ላይ አብረውት ቁጭ ብለው አየኋቸው።

የወረቀቱን ጉዳይ በአጭሩ። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም፤ እኛ ግን ሁላችንም በካሬ ነው ዋጋ የምንቆርጠው። ይህ ጨዋታ ያስቃል እንጂ ገዢው አንድ ነገር ከጠየቃችሁ መልስ ይኑራችሁ፦ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ፣ በቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ በፊት የተያዘ መሬት፣ ከውርስ ውጪ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ነው የሚይዘው፤ ለመንግሥት እየከፈለ፣ ለተወሰነ ዘመን ማለት ነው። እኛ ይህን አናውቅም ነበር፤ ገዢው አውቆ መጥቶ ዋጋ ቀነሰበት። ውሉም በቃል አይሆንም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ተደርጎ መመዝገብ አለበት። ልጁ ውጭ ያለ ደግሞ ይስማኝ። አንዲት ጎረቤታችን፣ አላህ ይማራቸውና ባለቤታቸው ሞተው፣ ከአምስት ወራሽ አንዱ ጅዳ ነው። ወራሽነቱን አሳወጁ፣ ገዢ አገኙ፣ ልጁ ጠቅላላ ውክልና ላከ። ውክልናው ላይ «ቤት መሸጥ» የሚል ቃል የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቤት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን በግልጽ መሰጠት አለበት። ልጁ እንደገና ቆንስላ ሄዶ፣ ወረቀቱ እንደገና መጥቶ፣ በዚህ መሐል ገዢው ተነሣ። ገዢ ከመፈለጋችሁ በፊት ውክልናውን አንብቡት። ባለትዳር የሆናችሁም ሁለታችሁም መስማማት እንዳለባችሁ አትርሱ፤ ባል ብቻውን ቢፈርም አይረጋም።

አሁን ቀብድ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ባለቤቴ ባይኖር ይሻል ነበር፣ ግን መጥቷል። ጥቅምት 2017 አንድ ወጣት መጣ። የቀድሞ ተማሪዬ ነው። 5 ሚሊዮን 900 ሺህ ተስማማን፣ 200 ሺህ ቀብድ ሰጠ፣ የቀረውን ከባንክ ብድር አመጣለሁ አለ። ባንኩ ዛሬ ነገ እያለው ሦስት ወር አለፈ። እኛም ሌላ ገዢ አላስገባንም፣ ቃል ነው። በመጨረሻ ልጁ አንገቱን ደፍቶ መጣ፤ ብድሩ ቀርቷል። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ሌላ ነገር ካልተዋዋሉ በቀር ቀብድ የሰጠ ሐሳቡን ሲለውጥ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሲለውጥ እጥፉን ይመልሳል። 200 ሺው የእኛ ነው። እኔ «ግማሹን እንያዝ፣ ሦስት ወር ቤታችንን ዘግቶብናል» አልኩ። ባለቤቴ «የሚስኪን ገንዘብ ቤት አያቆምም» ብሎ ሙሉውን መለሰለት። ሳያማክረኝ! ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም። በአርባ ዓመት ትዳራችን ረጅሙ ዝምታ ያ ነው። ስትስቁ አያለሁ፤ ወንዶቹ እሱ ልክ ነው እያላችሁ ነው። እኔ ዛሬም ግማሹን መያዝ ነበረብን እላለሁ። ልጁ በየዒዱ ይደውልልናል፣ እሱንም አልክድም።

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ደከመን። ማታ ማታ እሱ ከሶፋው ላይ ሆኖ ጣራ ያያል፣ እኔ ሒሳብ እሠራለሁ፣ ያው ሒሳብ፣ በሌላ ወረቀት። ስለ ቤቱ ካልሆነ የምናወራው ጠፋ። ግንቦት ላይ ልጄ ከኮምቦልቻ መጥታ ይህን አየችና አባቷን አንድ ነገር ጠየቀችው። «አባዬ፣ ይሄ ቤት የሌላ ሰው ቢሆንና ብሩ በእጅህ ቢኖር፣ በ8 ሚሊዮን ትገዛዋለህ?» «ለዚህ? ኧረ ወዲያ!» አለ ሳያስብ። «በስንት ትገዛዋለህ ታዲያ?» ዝም አለ። ጣራውን አየ፣ ባልዲውን አየ። «አምስት ተኩል ቢሉኝ» አለ።

ያን ማታ 5,500,000 ብለን በወረቀት ጻፍን። ከሥሩ ቀን አኖርን፦ ሐምሌ 30። እስከዚያ ካልተሸጠ ከገበያ እናወጣዋለን፣ ጣራው ይደፈናል፣ ተከራይ ይገባል፣ ኮምቦልቻ ይቀራል። ወረቀቱን ከካርታው ጋር ፖስታ ውስጥ ከተትነው፤ ለደላላም ለወንድምም አልነገርንም። ለሰው የምንጠራው 5 ሚሊዮን 800 ሺህ ሆነ። በማግስቱ ባለቤቴ መሰላሉን አወጣ። ቆርቆሮውን ሲመታ የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም፤ ቤቱ ለትንሽ ጊዜ ወደ እኛ ተመለሰ። እንቅልፍም መጣ። ቁጥሩ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር፤ ግን መጨረሻ ነበረው። በሦስተኛው ሳምንት 5 ሚሊዮን 600 ሺህ የሚል ሰው መጣ። እስክሪብቶ ከማንሣታችን በፊት ፖስታውን ከፍተን ተያየን፣ ፈረምን።

ስለዚህ እናንተ ሦስታችሁ፣ ፊታችሁን ያየሁት፦ ያልተቸገረ ሰው በዚህ ጊዜ ቤቱን ገበያ አያውጣ፤ ያከራየው። የግድ ከሆነበት ግን የምትገዙት ቤት ካለ የሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን እያያችሁ ሂዱ፤ ተከራያችሁን ውል እስክትፈርሙ አታስወጡ፤ ቆርቆሯችሁን ድፈኑ። ቤት ሊያይ ለሚመጣ ሰው ሁለት ቀን ለዩለት፣ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ ይምጣ፣ ጀበና ሳይጣድ። ሕመም ወይም ዕዳ ያስቸኮለው ሰው ሌላ ነው። እሱን «ታገሥ» የሚለው ጎረቤት ወጪውን የማይጋራው ነው።

እናንተ ደግሞ፣ የቀራችሁት፣ ቤቱን ለሽያጭ ያቀረበ ሰው ገና እዚህ ነው ያለው። የድንኳን ተራውን አትዝለሉት።

ከመምጣቴ በፊት የቅሬው ዳኛ በስልክ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ ነበር፤ «እናንተ አሁን የኮምቦልቻ ናችሁ፣ ከእኛ መዝገብ እንፋቃችሁ ወይ?» ብለው። ኮምቦልቻም ቅሬ ገብተናል፣ ወርኃዊውን እንከፍላለን። የዚህንም የስድስት ወር በቦርሳዬ ይዤ መጥቻለሁ። ጸሐፊው ደረሰኙን ይቁረጥልኝ፤ ሐረጎ ጉም ሳይወርድበት መሳፈር አለብኝ።